እኛ አናመሰኳም፦ በምግብ ቱቦና በጨጓራ መካከል ስላለው በር

(ይህ አዳማ ውስጥ በአንድ የእድር አዳራሽ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት ያደረግሁት ንግግር ነው። መብራት ስለጠፋ ያዘጋጀሁትን ሥዕል ማሳየት አልቻልኩም። በእጄ የነበረው አንድ ፊኛና አንድ ሃይላንድ ውሃ ብቻ ነበር። በኋላ «ጻፍልን» ያሉኝ ስለበዙ፣ እንደተናገርኩት አድርጌ ጽፌዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ። እዚህ ውስጥ «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሰው እጁን ያውጣ።

እሺ፤ ከግማሽ በላይ ናችሁ። እኔም አውጥቻለሁ። ጨጓራማ ሁላችንም አለን! በአማርኛችን ጨጓራ የአካሉም ስም ነው፣ የበሽታውም ስም ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። ከእምብርት በላይ የሚያቃጥል፣ ደረት ላይ የሚያንቅ፣ ጉሮሮ ላይ የሚጎመዝዝ ነገር ሁሉ «ጨጓራ» ይባላል። ፋርማሲ ይኬዳል፣ ኦሜፕራዞል ይገዛል። ቤት ተልባ ይፈጫል፣ አብሽ ይበጠበጣል። አንዳንዴ ይሻላል። አንዳንዴ ግን ችግሩ ያለው ከጨጓራው በላይ፣ መግቢያው በር ላይ ነው። ዛሬ የማወራው ስለዚያ በር ነው።

በግ ሲበላ አይታችኋል። ሣሩን ቶሎ ቶሎ ይውጣል። ከዚያ ጥላ ፈልጎ ይተኛና የዋጠውን ወደ አፉ መልሶ ሲያላምጥ ይውላል። ያመሰኳል። ኦሪት ዘሌዋውያን የሚበላውን ከማይበላው እንስሳ ሲለይ አንዱ መለኪያው ይኼው ነው። የበግ በር ወደ ላይም ወደ ታችም ይሠራል፤ ተፈጥሮው ነው። ደግሞ የሚመለሰው ሣር ከፊተኛው ክፍል ነው የሚመጣው፤ አሲድ ገና አልነካውም። ስለዚህ ቱቦውን አያቃጥለውም።

እኛ አናመሰኳም። የእኛ ጨጓራ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱም አሲድ የሞላበት ነው። ባዶ ሆድ ላይ ሲለካ የሎሚ ጭማቂን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ይኮመጥጣል። ጨጓራው ራሱን በወፍራም ዝልግልግ ንፍጥ ለብሶ ይከላከላል። ከላዩ ያለው ቱቦ ግን ይህ ልብስ የለውም። ስለዚህ በሩ ሥራውን በትክክል መሥራት አለበት። ሲዋጥ መክፈት፣ ከዚያ ወዲያው መዝጋት። ሲያስፈልግ ግሳትን ማሳለፍ። የተበላሸ ነገር ከበላን ደግሞ ትውከትን መፍቀድ። አንድ ዘበኛ ይህን ሁሉ ይለያል ብላችሁ አስቡት።

አሁን ቦታውን ላሳያችሁ።

የምግብ ቱቦው ከጉሮሮ ይነሳል። ከአየር ቧንቧው ጀርባ፣ ከአከርካሪው ፊት ለፊት ይወርዳል። በአዋቂ ሰው 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከእጃችሁ ክንድ ያነሰ። ደረትን አቋርጦ ሲወርድ ዲያፍራም ያገኛል። ዲያፍራም ደረትንና ሆድን የሚለየው የጡንቻ መጋረጃ ነው። በግ ስትበልቱ ከላይ ሳንባውን፣ ከታች ጉበቱን ለይቶ የምታገኙት ስስ ሥጋ ማለት ነው። ቱቦው በዚህ መጋረጃ ላይ ባለች ቀዳዳ ሾልኮ ያልፋል። ሆድ ውስጥ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይሄድና ጨጓራ ውስጥ ይገባል።

ችግሩ ያለው ግፊቱ ላይ ነው። ደረታችን ውስጥ ያለው ግፊት ከሆዳችን ያንሳል። አየር በሳብን ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። ማለትም በየትንፋሹ ደረታችን የጨጓራን ዕቃ ወደ ላይ ይስባል፤ ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ። ታዲያ ለምን አይወጣም?

(ፊኛውን ነፋሁ። አንገቱን በሁለት ጣት ያዝኩ።) አየሩ ያልወጣው ጣቴ ስለያዘው ነው። ቱቦው ጫፍ ላይ ሦስት፣ አራት ሳንቲ ሜትር የሚሆን የጡንቻ ቀለበት አለ። ሁልጊዜ እንደተጨበጠ ነው። ስንውጥ ላላ ይላል፣ ምግቡ ያልፋል፣ መልሶ ይጨበጣል። የመጀመሪያው ያዥ እሱ ነው።

ሁለተኛው ያዥ ከውጭ ነው። በዲያፍራሙ ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ጡንቻ ቱቦውን እንደ መቀነት ይጠመጠመዋል። ስናስል፣ ጀሪካን ስናነሳ፣ ስናምጥ፣ የሆድ ግፊት ይጨምራል። በዚያው ቅጽበት ይህ መቀነት ይጠብቃል። እኔ ይህ ነገር ሁሌም ይገርመኛል። ማንም ሳያዘው ነው የሚሠራው።

ሦስተኛው የአገባቡ ነገር ነው። ቱቦው ጨጓራ ውስጥ የሚገባው ከጎን ሰያፍ ሆኖ ነው። የጨጓራው ጫፍ ከመግቢያው ከፍ ብሎ በግራ በኩል እንደ ጉልላት ይቆማል። ጨጓራው ሲሞላ ይህ ጉልላት ያብጥና መግቢያውን ከጎን ይጫነዋል። ማዕዘኑ በስዊዘርላንዳዊው የአካል ጥናት ሊቅ በዊልሄልም ሂስ ስም የሂስ ማዕዘን ይባላል። ሕፃናት ላይ ይህ ማዕዘን ገና አልሾለም፤ ቀለበቱም ገና አልጠነከረም። ምግባቸው ሁሉ ወተት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተንጋለው ይውላሉ። ስለዚህ ያቀረሻሉ። እናቶች «ልጄን ዓይን ነካብኝ» አትበሉ። ልጁ ኪሎ እየጨመረ፣ እየተጫወተ ከሆነ፣ አብዛኛው ዓመት ወይም ዓመት ተኩል ሲሆነው ይተወዋል። ኪሎ ካልጨመረ፣ ወይም ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ቶሎ አምጡት።

ይህን በር በዓይኔ የማየው በኤንዶስኮፒ ነው። ከትንሿ ጣት የሚቀጥን፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ገመድ ነው። ሰውየው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ሳይበላ ይመጣል። ጉሮሮው በሚረጭ ማደንዘዣ ይደነዝዛል። በግራ ጎኑ ይተኛል። ገመዱ ላይ እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር ቁጥር ተጽፎበታል። ከፊት ጥርስ ስንለካ 40 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስንደርስ አንድ ደስ የሚል ነገር ይታያል። እስከዚያ የምንወርድበት ቱቦ ግድግዳው እንደ ዕንቁ ነጣ ያለ፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። ድንገት ያልቃል። ከዚያ በታች ደማቅ፣ ብርቱካን የመሰለ ቀይ ይጀምራል። ጨጓራ ነው። መለያው መስመር ቀጥ ያለ አይደለም። እንደ ጥልፍ ጥለት ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ ይላል። መስመሩን ስናየው ትንሽ እንቆማለን። ወጣ ገባው ከወትሮው ከፍ ብሏል? ቁስል አለው? ከላዩ ጠባሳ አለ? ከዚያ ዘበኛው ይከፍትልንና እንገባለን።

አሁን ወደ ሕመሙ። በሩ የሚያመጣው ችግር ብዙ ነው። እኔ ግን በልቤ በሦስት እከፍለዋለሁ። አልዘጋ ያለ፣ አልከፍት ያለ፣ የተቀደደ ወይም የሚደማ።

አልዘጋ ያለውን ታውቁታላችሁ። ቃር ነው።

ፋሲካን አስቡ። 55 ቀን ጾመን፣ ቅዳሜ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን እንመለሳለን። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዶሮ ወጥ ይቀርባል። ቅቤው ወለል ብሏል። ከላዩ ጠላ አለ፣ ጠጅ አለ። እንበላለን፣ እንጎርሳለን፣ እናጎርሳለን። ከዚያ ደክሞናል፤ ጥቅልል ብለን እንተኛለን። የሞላ ጨጓራ፣ ቅባት፣ አልኮል፣ መተኛት። እኔ ቃር እንዲይዝ ሆን ብዬ ቀመር አውጣ ብባል ከዚህ የተሻለ አላመጣም! ሙስሊም ወንድሞቻችንም በረመዳን ከስሁር በኋላ መልሰው ሲተኙ ያው ነው። ቅባት ምግቡን ጨጓራ ውስጥ ያቆየዋል። አልኮልና ሲጋራ ቀለበቱን ያላሉታል። መተኛት ደግሞ ስበት የሚያደርግልንን እርዳታ ያስቀራል።

ጤነኛ ሰው ላይም በሩ አልፎ አልፎ ሳንውጥ ራሱ ላላ ይላል፤ ግሳት የሚወጣው እንደዚያ ነው። ቃር ያለበት ሰው ላይ ግን አየር ብቻ መውጣት ሲገባው አሲድም ተከትሎ ይወጣል። በሳምንት ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ከሆነ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ በሽታ ሆኗል ማለት ነው። ደግሞ ሁሌ በማቃጠል አይመጣም። ጠዋት ጠዋት ድምፁ የሚሻክር አስተማሪ፣ ሳንባው ንጹሕ ሆኖ ሌሊት የሚያስለው ሰው፣ ጥርሱ ከጀርባ በኩል እየሟሟ የሚሄድ ሰው አለ። የጥርስ ሐኪም አይቶት «ቃር አለብህ?» ብሎ የላከልኝ ሕመምተኛ ነበረ። ጎበዝ ሐኪም ነው።

እርጉዝ እናቶች ቃር የሚበዛባቸው ሁለት ምክንያት አለው። ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ቀለበቱን ያላላዋል፤ በኋላ ደግሞ ማሕፀኑ ጨጓራውን ከስር ይገፋዋል። «ልጁ ፀጉራም ስለሆነ ነው» የሚባለውን ተዉት። ሲወልዱ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል።

ዲያፍራሙ ላይ ያለችው ቀዳዳ ከሰፋች ደግሞ የጨጓራው ጫፍ ወደ ደረት ሊንሸራተት ይችላል። ዕድሜ ሲገፋ፣ ኪሎ ሲጨምር ይበዛል። ያኔ ሁለቱ ያዦች ይለያያሉ፤ ቀለበቱ ወደ ላይ ወጣ፣ መቀነቱ ከታች ቀረ። ብዙው ሰው ላይ ይህ በራሱ የሚያስደነግጥ አይደለም። በኤንዶስኮፒ ወረቀት ላይ «ሄርኒያ» የሚል ስታዩ «ተበላሽቻለሁ» አትበሉ።

ምን ይደረግ? ከእራት በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ሳትተኙ ቆዩ። ቦርጭ ካለ ይቀነስ፤ በጣም የሚረዳ ነገር ነው። በግራ ጎን መተኛት ይረዳል፤ ያኔ ጨጓራው ከበሩ በታች ይሆናል። የአልጋችሁን ራስጌ እግሮች ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ጣውላ ወይም ጡብ ከፍ አድርጉት። ትራስ መደራረብ አይሠራም። ትራስ አንገትንና ሆድን ያጥፋል፤ ሆዱ ሲታጠፍ ጨጓራው ይጨመቃል። በርበሬ በሩን አይከፍትም፤ የቆሰለውን ግን ያንገበግበዋል። ስለ ቡና ትጠይቁኛላችሁ። እኔ ቡና አልከለክልም። ሦስቱንም ስኒ ጠጥቶ ምንም የማይሆን ሰው አለ፤ ከአቦል የማያልፍ አለ። ራሳችሁን አዳምጡ።

ኦሜፕራዞልን እዚህ ልናገር። በሕክምና ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ጥሩ መድኃኒት ነው። ግን አብዛኛው ሰው አወሳሰዱን ያበላሸዋል። ሲያቃጥለው ጠብቆ፣ በልቶ፣ ከዚያ ይውጣል። መድኃኒቱ የሚይዘው አሲድ የሚያመርተውን ፓምፕ ነው። ፓምፑ ደግሞ የሚነሳው ስንበላ ነው። ስለዚህ ከምግብ 30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቀደም ብሎ ይዋጣል፤ ደም ውስጥ ገብቶ ይጠብቀዋል። «አልሠራልኝም» ብሎ የመጣ ሰው ሰዓቱን ሲያስተካክል ብቻ የዳነበት ጊዜ ስንት ነው! ደግሞ እወቁ፣ መድኃኒቱ በሩን አይዘጋም። የሚወጣውን ነገር አሲድነት ብቻ ነው የሚቀንሰው።

በሩን ለመዝጋት ቀዶ ሕክምና አለ። የጀመረው ሩዶልፍ ኒሰን የሚባል ጀርመን ተወላጅ ቀዶ ሐኪም ነው። አይሁዳዊ ስለነበረ ከናዚዎች ሸሽቶ ኢስታንቡል ይሠራ ነበር። እዚያ አንድ ወጣት ላይ፣ ለሌላ ችግር ብሎ፣ የጨጓራውን ጫፍ በቱቦው ዙሪያ ጠቀለለው። ከዓመታት በኋላ ያ ሰው ቃር እንደሌለበት ተረዳ። እ.ኤ.አ. በ1955 ይህንኑ ለቃር ብሎ ሠራው። እንደ ጋቢ ነው፤ ጨጓራውን በቱቦው አንገት ላይ መጠቅለል። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1948 አልበርት አንስታይንንም ቀዶ አድርጎታል፤ ያ ግን ለሌላ ሕመም ነው፣ ለሆድ ደም ስር።

ቃር ለብዙ ዓመት ሲቆይ አንዳንድ ሰው ላይ የነገርኳችሁ መስመር ይንቀሳቀሳል። ነጣ ያለው ግድግዳ አሲዱ ሲበዛበት ተስፋ ቆርጦ ቀዩን ልብስ መልበስ ይጀምራል። ባሬት ይባላል። ኖርማን ባሬት የሚባል የለንደን ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1950 ጻፈው። የሚገርመው፣ ተሳስቶ ነበር። ቱቦው አጭር ሆኖ ጨጓራው ወደ ላይ የተሳበ ነው የመሰለው። ሌሎች አረሙት፤ እ.ኤ.አ. በ1957 እሱም ስህተቱን ተቀበለ። ስሙ ግን ቀረ። ይህ ለውጥ በክትትል የሚያዝ ነው፤ ጥቂቶቹ ላይ ወደ ካንሰር ሊሄድ ስለሚችል።

አልከፍት ስላለው በር ልንገራችሁ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት እናገራለሁ።

ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ፣ አንዲት እናት መጡ። «ምግቡ እዚህ ጋ ይቆምብኛል» አሉኝ። ጣታቸውን የደረታቸው አጥንት ታችኛው ጫፍ ላይ አደረጉ። እኔ ካርዱ ላይ «ጨጓራ» ብዬ ጻፍኩ። ኦሜፕራዞል ሰጠኋቸው። ከወር በኋላ መጡ፤ መጠኑን ጨመርኩ። በሦስተኛው ጊዜ ሲመጡ ቀሚሳቸው ሰፍቷቸው ነበር። ያኔ ቁጭ ብዬ ሰማኋቸው። ሠርግ ላይ ሰው ተቀምጦ ሲበላ እሳቸው ይነሳሉ። ጀርባቸውን ወደ ኋላ ቀጥ ያደርጋሉ። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይጠጡበታል። ከዚያ ነው የሚወርደው። ውሃውም ራሱ አንዳንዴ አልወርድ ይላል። ሌሊት ትራሳቸው በማታው ሽሮ ቆሽሾ ይገኛል። ጎረቤት «አብልተዋታል» ብሏል። እንጥላቸውንም አስቆርጠዋል። ይህን ሁሉ ተናግረውኝ ነበር ማለት ነው፤ ያልጠየቅኳቸው እኔ ነኝ።

ነጭ የባሪየም ውሃ ጠጥተው ራጅ ተነሱ። ፊልሙ ላይ ቱቦው እንደ ስልቻ ተነፍቷል። ታች፣ በሩ ጋ ሲደርስ፣ ሹል ብሎ ያልቃል። መጽሐፍ «የወፍ ምንቃር» ይለዋል፤ ልክ ነው። አካላዥያ የሚባል በሽታ ነው። ቃሉ ግሪክኛ ነው፤ «አለመላላት» እንደማለት። ቱቦው ግድግዳ ውስጥ በሩን «ላላ በል» የሚሉ ነርቮች አሉ። እነሱ ሲሞቱ በሩ እንደተጨበጠ ይቀራል። ቱቦውም ምግብ የሚገፋበትን ማዕበል ያጣል። በዓመት ከ100,000 ሰው አንድ ሰው ገደማ የሚይዝ፣ ብዙ የማይገኝ በሽታ ነው። ብርቅ ስለሆነም ነው የሚያመልጠን።

ቶማስ ዊሊስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1674 አንድ እንደዚህ ያለ በሽተኛ ጽፏል። መድኃኒቱ ምን ነበር መሰላችሁ? የዓሣ ነባሪ አጥንት ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ስፖንጅ የታሰረበት። ሰውየው በልቶ ሲያበቃ ዘንጉን ይውጣል፣ ምግቡን በሩ ላይ ይገፋዋል። እንዲህ እያደረገ 15 ዓመት ኖረ። ዛሬ ያው ነገር በፊኛ ይሠራል፤ በሩ ላይ ተቀምጦ ይነፋና ጡንቻውን ይተረትረዋል። ወይም ጡንቻው በቀዶ ይሰነጠቃል፤ ኧርንስት ሄለር እ.ኤ.አ. በ1913 የጀመረው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ደግሞ ጃፓናዊው ሃሩሂሮ ኢኖዌ በአፍ በሚገባ ኤንዶስኮፒ፣ ከውስጥ በኩል፣ ያለ ሆድ ቀዶ ሠርቶታል። እናቴ የምላቸው እኚያ ሴት በቀዶው ዳኑ። አሁን ሠርግ ላይ ተቀምጠው ነው የሚበሉት።

ግን አልወርድ ማለት ሁሉ አካላዥያ አይደለም። ይህን ስሙኝ። መጀመሪያ ሥጋና ደረቅ ዳቦ እምቢ ካለ፣ ከዚያ ፍትፍት፣ ከዚያ ገንፎ፣ በኋላ አጥሚት ብቻ የሚወርድ ከሆነ፣ እየጠበበ የሚሄድ ነገር አለ ማለት ነው። ከጠባሳ ሊሆን ይችላል። ካንሰርም ሊሆን ይችላል። አካላዥያ ብዙውን ጊዜ ከመነሻው ደረቁንም ፈሳሹንም ያስቸግራል። ሁለቱንም «ጨጓራ ነው» ብሎ በፋርማሲ ማስታመም የለም። የሚያም ነገር ባይኖረውም። አብዛኛው ሰው የሚመጣው ሲያመው ነው፤ ይህ በሽታ ደግሞ ሳያም ነው የሚያንቀው።

አዳማ ያለን ሰዎች ይህ ይመለከተናል። ከምሥራቅ አፍሪካ እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ የስምጥ ሸለቆን ተከትሎ፣ የምግብ ቱቦ ካንሰር የሚበዛበት መስመር አለ። የእኛ አገር ጫፉ ላይ ነው። ከአርሲና ከባሌ የሚመጡ ሕመምተኞች ይበዛሉ። እዚህ ብዙ የሚታየው ዓይነት ከባሬት የሚነሳው አይደለም፤ ከነጣው ግድግዳ ራሱ የሚነሳ ነው። መካከልና ታችኛው ክፍል ላይ ይበዛል። ልክ መገናኛው ላይ የበቀለ ዕጢ ሲገኝ ደግሞ ቀዶ ሐኪሞች ይከራከራሉ። ድንበር ላይ የበቀለ ዛፍ የማን ነው? የቱቦው ነው ወይስ የጨጓራው? ጀርመናዊው ሲቨርት እ.ኤ.አ. በ1987 በሳንቲ ሜትር ለክቶ በሦስት ከፈለው። ለናንተ ይህ ክርክር ምንም አይደለም። ለቀዶው ግን ደረት ይከፈት ወይስ ሆድ የሚለውን ይወስናል።

ሦስተኛው፣ የተቀደደና የሚደማ። እዚህ ላይ ፈጠን ልበል፣ ሰዓቱ ሄዷል።

አንድ ሰው ሌሊቱን አረቄ ሲጠጣ ያድራል። ጠዋት ያስመልሰዋል። ደጋግሞ፣ ባዶውን፣ በኃይል። በመጨረሻ ደም ይወጣል። በሩ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ተሰንጥቆ ነው። ማሎሪና ቫይስ የሚባሉ ሁለት የቦስተን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1929 ከመጠጥ በኋላ እንዲህ የሆኑ 15 ሰዎችን ጻፉ። አብዛኛው በራሱ ይቆማል። ግን ከዚህ የከፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ1723 ቫን ቫሴናር የሚባል የሆላንድ አድሚራል ጥግብ ብሎ በላ፣ ማስመለሻ ጠጣ፣ ሲያስመልስ ደረቱ ላይ የሆነ ነገር ሲፈነዳ ተሰማው። በማግስቱ ሞተ። ቡርሃቨ የሚባለው ታዋቂ ሐኪም አስከሬኑን ሲከፍት ደረቱ ውስጥ የዳክዬ ጥብስ ሸተተው። ቱቦው ሙሉ በሙሉ ተቀዶ ምግቡ ደረት ውስጥ ፈሷል። ከኃይለኛ ትውከት በኋላ ድንገት የሚቆርጥ የደረት ሕመም ከመጣ ቤት አይቆይም።

ሌላው መድማት ለወንጂ ሰዎች ነው። ከወንጂ የመጣችሁ አላችሁ? እሺ። በቦዩ ዳር ያደጋችሁ ቢልሃርዝያን ታውቃላችሁ። ትሉ ውሃ ውስጥ ካለች ቀንድ አውጣ ይወጣል፣ በቆዳ ይገባል፣ አንጀት ዙሪያ ባሉ ደም ስሮች ይኖራል። እንቁላሉ ጉበት ውስጥ ይቀራል፤ ከዓመታት በኋላ ጉበቱ ውስጥ ያለውን የደም መንገድ ያጠብበዋል። ከአንጀትና ከጨጓራ የሚመጣው ደም ወደ ልብ ለመመለስ በጉበት ማለፍ አለበት። አሁን አስቡት። የአዳማ አዲስ አበባ የፍጥነት መንገድ ቢዘጋ ምን ይሆናል? መኪናው ሁሉ በሞጆ፣ በቢሾፍቱ፣ በዱከም በአሮጌው መንገድ ይጎርፋል። ደሙም እንደዚያው ነው። አሮጌው መንገድ ደግሞ የሚያልፈው በዚህ በር ላይ ነው፤ የጨጓራና የምግብ ቱቦ ደም ስሮች የሚገናኙት እዚያ ነው። ትንንሾቹ ደም ስሮች ይወጠራሉ፣ ይጠማዘዛሉ፣ አንድ ቀን ይፈነዳሉ። በሄፓታይተስ ቢና በመጠጥ ጉበቱ የጠባሰ ሰውም እንደዚሁ ይሆናል። ሕመም የለውም። ድንገት ሳፋ የሚሞላ ደም ነው የሚያስመልሰው። በኤንዶስኮፒ የተወጠረውን ደም ስር በላስቲክ ቀለበት እናስረዋለን። ሰገራ እንደ ሬንጅ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ ከሆነ ደሙ ከላይ ነው የሚመጣው። የአይረን ኪኒን የምትወስዱ ግን አትደንግጡ፣ እሱም ያጠቁራል።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ግሪኮች የጨጓራን በርም ልብንም «ካርዲያ» ብለው ነበር የሚጠሩት። እኛም «ልቤን አቃጠለኝ» እንላለን። ሁለቱ ጎረቤቶች ናቸው፤ ነርቮቻቸውም ይቀላቀላሉ። ስለዚህ ላብ ላብ የሚል፣ ወደ ግራ እጅ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ደረጃ ስትወጡ የሚነሳ ማቃጠል ቃር ነው ብላችሁ አትተኙበት። መጀመሪያ ልብ ይታይ። ቃር ከሆነ ይጠብቃል።

ጥያቄ ላይ ብዙ እጅ ወጣ። ስለ ባክቴሪያ የጠየቀ ወጣት ነበር። የጨጓራ ባክቴሪያ ሲገደል ቁስሉ ይድናል፤ ቃሩ ግን ላይለቅ ይችላል፣ ምክንያቱም የበሩ ጉዳይ ነው አልኩት። በመጨረሻ ከፊት ወንበር አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት ተነሱ።

«ልጄ፣ እኔ አርሲ ነው ያደግሁት። ገንፎ ተዉ ልትለን ነው እንዴ?»

«አይደለም እማማ። ገንፎ ምንም አላደረገን። ሙቀቱ ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ ትኩስ የሆነ መጠጥ የምግብ ቱቦ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ብሎ መድቦታል። የሚፋጅ ሻይ፣ የሚፋጅ አጥሚት ማለት ነው። ገንፎ መጠጥ ባይሆንም ከሻይ የበለጠ ሙቀት ይይዛል። ከምድጃ እንደወረደ አይበላ ነው የምልዎት። ትንሽ ይቆይ።»

«ከቆየማ ቅቤው ይረጋል!»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ግን ለዚህ መልስ ነበረኝ።

«እማማ፣ ቅቤ የሚረጋው ከሰውነታችን ሙቀት ዝቅ ሲል ነው። ገንፎው 50 ዲግሪ ሲደርስ ጣት አይፈጅም፣ ቅቤው ደግሞ ገና እንደቀለጠ ነው።»

ትንሽ አሰቡ። «እስቲ ነገ ጠዋት አየዋለሁ» ብለው ተቀመጡ።